የዓይን ቀጠሮ

ሐሴት ያን ቀን በማለዳ ካዛንቺስ የመጣችው አቶ ገብረዋህድን ለዓይን ምርመራ ልትወስዳቸው ነበር። የመጣችበትን ታክሲ አስፋልት ዳር አቁማ ወደ ግቢው ስትገባ ጓጉንቸሩ ከውጭ ተቆልፎ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ አገኘችው። አንኳኳች። «አባባ» ብላ ተጣራች። ሌላ ጊዜ ጉሮሯቸውን ጠርገው «አለሁ» የሚሏት ሽማግሌ ድምፃቸው አልመጣም። በበሩ ስንጥቅ አፍንጫዋን ስታስጠጋ የበረደ ከሰል ሸተታት።

አጠገቡ በርበሬና ሽሮ የሚነግደው መሐመድአሚን ጩኸቷን ሰምቶ ፌሮ ይዞ ደረሰ። በሩ ሥር የተወተፈውን ጆንያ በእግሩ ገፍቶ ጓጉንቸሩን ፈለቀቀው። ሽማግሌው ጋቢያቸውን እስከ አንገታቸው ስበው፣ ወደ ግድግዳው ዞረው ተኝተዋል። እግራቸው ሥር የከሰል ምድጃ አለ፤ ከሰሉ አመድ ሆኗል። ሐሴት እጃቸውን ያዘች። ቀዝቅዘው ነበር።

ጊዜው 2010 ዓ.ም.፣ የካቲት ነው። ሐሴት በወረዳው ሥር አልጋ የያዙ አረጋውያንን ቤት ለቤት እየዞረች የምትጠይቅ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ነች። ለአቶ ገብረዋህድ ነፃ የሕክምና ወረቀት ያስወጣችላቸውም፣ በሳምንት ሁለት ቀን እየመጣች ጥፍራቸውን የምትቆርጥላቸውም እሷ ነበረች። ሁለቱም ዓይናቸው በሞራ ተጋርዶ ስለነበር በመንግሥት ዘመቻ በነፃ እንዲታከሙ ያስመዘገበቻቸውም እሷው ናት።

ኢንስፔክተር ጀማነሽ ስትደርስ በግቢው ውስጥ ቆሞ የቀረው ቤት ሁለት ብቻ ነበር፤ የሟቹ ክፍልና የመሐመድአሚን ሱቅ። የቀሩት ለልማት ፈርሰው ነዋሪዎቹ በየአቅጣጫው ተበትነዋል። ከኋላ አዲስ የተሠራ ሆቴል ጥላውን ግቢው ላይ ጥሏል። ጀማነሽ በፖሊስነት ሠላሳ ዓመት ልትደፍን የተቃረበች፣ ዝግ ብላ የምትራመድ፣ ከመናገር መስማት የሚቀናት ሴት ናት።

ክፍሉን ዞራ አየችው። መስኮቱ በጣውላ ተቸንክሯል። ከአልጋው ራስ ጀምሮ፣ ግድግዳው በደረት ከፍታ ዙሪያውን ወዝ ይዞ ያብለጨልጫል። እጇን አሳርፋበት አብራው ተራመደች። ከአልጋው ተነስታ በሩ ጋ ደረሰች፤ ከበሩ ተመልሳ አልጋው ጋ። ሰውዬው እየዳበሱ ሲመላለሱበት የኖሩበት መንገድ ይህ ነበር።

አብሯት የመጣው ሳጅን ፋኑኤል ምድጃውን አይቶ ነገሩን ጨርሶታል።

«ከሰል ነው፤ በቃ፣ አደጋ ነው» አለ።

ጀማነሽ መሐመድአሚንን ጆንያው በየት በኩል እንደነበር ጠየቀችው። እሱም ከውጭ እንደነበር፣ በእግሩ ገፍቶት በሩን እንደከፈተ ተናገረ።

«ውስጥ ሆኖ የተቆለፈበት ሰው በሩን ከውጭ አይወትፍም» አለች ለፋኑኤል። «ይህን ሰው ያፈነው ሌላ ሰው ነው።»

ወርቄ ብዙም ሳትቆይ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ እያለቀሰች መጣች። የአቶ ገብረዋህድ የእህት ልጅ ናት፤ አርባ ዓመት አልፏታል፤ ከልጅነቷ ጀምሮ እዚያው ክፍል ኖራለች። ሌሊቱን ላንቻ ለቅሶ ቤት አድራ ነበር። ባሏ ታዲዎስ ቡልጋሪያ ሰፈር ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነው፤ እሱም በዚያ ሌሊት ቤት አልነበረም።

በሩን ለምን ከውጭ እንደምትቆልፍ ስትጠየቅ ዓይኖቿን ጠራርጋ፣ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ወጥቶ መኪና ቢገጨው ማን ይጠየቃል አለች። ምድጃውን ግን እሷ እንዳልለኮሰችው ማለች። ጀማነሽ ስለ አጎቷ እንድታወራ ተወቻት።

«አጎቴ የማተሚያ ቤት ጡረተኛ ናቸው። አሳድገውኛል» አለች ወርቄ። «ጠዋት ጠዋት ሬዲዮናቸውን ከፍተው እሳቸው ነበሩ የሚቀሰቅሱኝ። ትናንት ማታም ሾርባውን አጠጥቼው፣ አስተኝቼው ነው የወጣሁት።»

ጀማነሽ ቀና አለች። በአንድ አፍ፣ ስለ አንድ ሰው፣ አንቱም አንተም። ሐዘን ምላስ ያስታል፤ ደግሞም ሽማግሌ እንደ ሕፃን የሚያስታምም ሰው አንቱታውን ሳያስበው ይተዋል፤ ይህን ብዙ ቤት አይታለች። ነገሩን ለጊዜው ዋጠችው።

ስለ ቁልፍ ስትጠይቃት ወርቄ አንዱ በእሷ፣ አንዱ በባሏ እጅ መሆኑን ነገረቻት። ከዚያ ትንሽ አሰበችና ሦስተኛውን ለሐሴት ሰጥቻት ነበር አለች። ሐሴት ክው ብላ ቀረች። ቁልፍ ቢኖረኝማ ሰው ጠርቼ ጓጉንቸር አስገነጥል ነበር ወይ ብላ፣ ወርቄ ሳትኖር አንድም ቀን እዚያ ቤት ገብታ እንደማታውቅ ተናገረች።

መጀመሪያ የተያዘው መሐመድአሚን ነው። ጆንያው የእሱ ነበር፤ የበርበሬው ብናኝ እንኳ አልረገፈም። ሱቁን ለማስፋት የሽማግሌውን ክፍል ይመኝ እንደነበርም ወርቄ ተናግራበታለች። እሱ ግን ባዶ ጆንያ ከደጁ የማይወስድ ጎረቤት እንደሌለ፣ ይኼ ቤት ዛሬ ነገ በሚፈርስበት ጊዜ ማስፋት ብሎ ነገር የእብድ ሐሳብ እንደሆነ አስረዳ። ሌሊቱን ሱቁ ውስጥ ተኝቶ ምን እንደሰማ ሲጠየቅ ግን ዓይኑን ሰብሮ ምንም አልሰማሁም አለ። ጀማነሽ መዋሸቱን አወቀች፤ ለምን እንደሚዋሽ ግን አላወቀችም። አሳደረችው።

ፋኑኤል በበኩሉ ታዲዎስን ጥፋተኛ አድርጎት ነበር። ሰውዬው ቁጡ ነው፤ ስለ ሽማግሌው ሲጠየቅ «ሸክም ነበር» ብሎ ነው የመለሰው፤ ቁልፍም አለው። ሆኖም ያን ሌሊት አንድ የጭነት መኪና ሞተር አውርደው እስኪነጋ ሲሠሩ እንዳደሩ ሁለት የሥራ ባልደረቦቹና የጋራዡ ዘበኛ መሰከሩ። የመኪናው ባለቤትም አብሯቸው ነበር ያደረው። ፋኑኤል ከቡልጋሪያ ፊቱን አጨፍግጎ ተመለሰ።

አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ሽማግሌውን የገደላቸው የከሰሉ ጭስ መሆኑን አረጋገጠ። የትግል ምልክት የለም። ጀማነሽ ለመሄድ ስትነሳ፣ ያሳዝናል ብሎ ጨመረ፤ ሁለቱም ዓይን ላይ ሞራው እንደ ወተት ረግቷል፤ በሃያ ደቂቃ ቀዶ ሕክምና የሚነሳ ነበር፤ የሐኪም እጅ ግን ነክቶት አያውቅም።

ያ የወርቄ አንቱና አንተ መቀላቀል ጀማነሽን እንደ ጥርስ ውስጥ ሥጋ ይጎረብጣት ስለነበር፣ ሟቹን በደኅና ጊዜያቸው የሚያውቅ ሰው ፈለገች። አጣች። ግቢው ሲፈርስ የሚያውቋቸው ሁሉ ሄደዋል፤ መሐመድአሚንም የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። የዕድሩ ዳኛ ግን አንድ ስም አስታወሰ፤ ሃድጉ የሚባሉ የማተሚያ ቤት ጓደኛቸው ጎተራ ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ገብተዋል።

አቶ ሃድጉ የሚኖሩት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጀማነሽ ጉልበቷን እየደገፈች ወጣች። በሩን እስኪከፍቱላትም ብዙ ቆዩ። ወንበራቸው መስኮቱ ሥር ነው፤ ከዚያ ሆነው መንገዱን ያያሉ። ቤቱ ሲደርሳቸው እልል ተብሎ እንደገቡ፣ ጉልበታቸው ሲከዳቸው ግን ደረጃው ግንብ ሆኖባቸው ከወረዱ ሁለት ዓመት እንዳለፋቸው፣ ከወረዳ የምትመጣ አንዲት ልጅ ባትኖር ሰው እንደማያዩ እየሳቁ አጫወቷት። ሳቁ ብዙም አልቆየም።

ስለ ገብረዋህድ ስትጠይቃቸው ፊታቸው በራ።

«ዓይናችንን አብረን ነው የተከፈትነው» አሉ። «የዛሬ አምስት ዓመት ቀበሌው በአውቶቡስ ወስዶን፣ ጎን ለጎን አልጋ ይዘን። ፋሻውን ሲፈቱለት መጀመሪያ ያየው እኔን ነው። ‹ሃድጉ፣ እንዲህ አርጅተህ ኖሯል?› አለኝ። ነርሶቹ ሁሉ ሳቁ።»

ጀማነሽ ወደ ወንበሯ ጫፍ ተሳበች። «ሁለቱንም ዓይናቸውን?»

«ሁለቱንም። ከዚያ በኋላ ጋዜጣ ያለ መነጽር ያነብ ነበር እኮ።»

ከሁለት ዓመት በፊት ሳል ጠናበትና ወርቄ ከሆለታ ወዲያ ወዳለ ጠበል ወሰደችው። ሲመለስ አእምሮው ሄዷል፣ ሰው አይለይም፣ ስልክም አያነጋግርም ብላ ነገረቻቸው። እሳቸውም ወርደው ሊያዩት አልቻሉም። በየሳምንቱ እየደወሉ ግን ደህንነቱን ይጠይቃሉ፤ እሷም ደህና ነው ትላቸዋለች።

ጀማነሽ በዝግታ፣ ቃል እየመረጠች፣ ካዛንቺስ የሞቱት ሰው ዓይናቸው ታክሞ የማያውቅ መሆኑን፣ ጓደኛቸው ምናልባት ያኔውኑ ሳይሞቱ እንዳልቀሩ ነገረቻቸው። አቶ ሃድጉ ወደ መስኮቱ ዞሩ።

«ታዲያ ማንን ነው ደህና ነው ስትለኝ የከረመችው?» አሉ።

ጀማነሽ ጣቢያ እንደተመለሰች መሐመድአሚንን አስጠራችው። አልተቆጣችውም። ጎረቤትህ አቶ ገብረዋህድ አይደሉም፣ ማን እንደሆኑም አናውቅም ብላ ብቻ ነገረችው። ነጋዴው በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ፤ ከዚያ ሳይጠየቅ ይናገር ጀመር።

ያን ሌሊት የጓጉንቸሩ ድምፅ ከእንቅልፉ ቀስቅሶታል። በሩ ሲከፈት ሰምቷል። ከዚያ የሽማግሌው ድምፅ መጣ።

«‹ገለቶሚ፣ ኢንተላ ኮ› አሉ። እኔ ለንግድ ስዞር ኦሮምኛ ለምጃለሁ። አመሰግናለሁ ልጄ ማለት ነው፤ ለሴት ልጅ። ሌላ ድምፅ አልሰማሁም። ከዚያ በሩ ተዘጋ።»

«ለምን ትናንት ደበቅከኝ?»

«አንድ ነገር ከተናገርኩ ሁሉንም ትጠይቁኛላችሁ። ሰውዬው በየቀኑ ግድግዳውን እየዳበሱ ሲዞሩ እሰማ ነበር። ሲለምኗትም ሰምቻለሁ። የቤተሰብ ነገር ነው ብዬ ዝም አልኩ። ያኔ የት ነበርክ እንዳትሉኝ ፈራሁ።»

ስለዚህ ምድጃውን ያስገባችው ሴት ናት። ቁልፍ ያላት ሴት ወርቄ ነች፤ ወርቄ ግን ላንቻ ስለማደሯ ሙሉ ለቅሶ ቤት ይመሰክርላታል። ፋኑኤል ሦስተኛውን ቁልፍ አነሳ። ጀማነሽ ሐሴትን ጠርታ አስቀመጠቻት፤ ሽማግሌው ‹ኢንተላ ኮ› የሚሉት ሰው ማን እንደሆነ ጠየቀቻት።

«እኔን ነው» አለች ሐሴት ወዲያው። «ወርቄ ውኃ ልትቀዳ ዞር ስትል ብቻ፣ በሹክሹክታ። ‹ኦሮምኛ ከየት ለመዱ?› ስላቸው እጄን ጭብጥ አድርገው ዝም ይሉኛል። ስትመለስ ይለቁኛል።»

ፋኑኤል ጀማነሽን ቀና ብሎ አያት። ልጅቷ በገዛ አፏ ገመዱን አንገቷ ላይ ማስገባቷን አላወቀችም። ጀማነሽ ቀጠለች። ዓይናቸው ሲድን ምን ሊያደርጉ እንዳሰቡ ነግረዋት እንደሆነ ጠየቀቻት።

«ሀገሬ እሄዳለሁ ብለውኛል። ባለፈው ሳምንት። ወርቄም ሰምታለች፤ ልክ ስትገባ ነበር። ማለቴ... እኔ ደስ የሚላት መስሎኝ የሕክምናው ቀን መቆረጡን ለሷም ነገርኳት።»

ጀማነሽ በነጋታው ላንቻ ሄደች። የለቅሶ ቤቱ ልጅ ሩሐማ የምትባል መምህርት ናት፤ አባቷን የቀበረች ሰሞን ነው። ወርቄ ድንኳን ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ተኝታ እንዳደረች አረጋገጠች። እንዴት እርግጠኛ ሆንሽ ስትባል፣ እንግዶቹን ብርድ ልብስ ያለበሰቻቸው እሷ ራሷ መሆኗን ተናገረች። መጀመሪያ ስታለብሳት ወርቄ ተኮማትራ ተኝታ ነበር። ንጋት ላይ ደግሞ ተገልጦባት አይታ መለሰችላት።

ጀማነሽ ያን ጊዜ ምን እንደታዘበች ጠየቀቻት። ሩሐማ አሰብ አደረገች።

«እጇ በረዶ ነበር፤ ከውጭ እንደገባ ሰው። ጸጉሯም ከሰል ከሰል ሸተተኝ። ገርሞኝ ነበር፤ ምክንያቱም እኛ በኤሌክትሪክ ነው የምናበስለው፤ ለለቅሶውም ምግቡ ተሠርቶ ነው የመጣልን።»

ወርቄ ስትጠራ እንባዋ ደርቆ ነበር። ጀማነሽ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች፤ ስለ ከሰሉም ስለ ላንቻም አላነሳችም።

«የአጎትሽ ዓይን የታከመ ጊዜ ያስታመምሻቸው አንቺ ነሽ?» አለቻት።

ወርቄ አፏን ከፍታ ዘጋችው። ከዚያ ትከሻዋ ወርዶ ሁሉንም ተናገረች።

አጎቷ ጠበሉ ላይ ሞተው፣ በክርስትና ስማቸው እዚያው ተቀብረዋል። ያኔ ግቢያቸው ሊፈርስ ምልክት ተቀብቶበት ነበር። የቀበሌ ቤት ለእህት ልጅ እንደማያልፍ የሚያውቁ ሰዎች ቀድመው ነግረዋታል፤ የአጎቷን ሞት ከተናገረች ምትክ ቤት የለም፤ መውደቂያ የላትም። ጠበሉ ደጅ ላይ አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ነበሩ። አልጋና ምግብ እንደምትሰጣቸው ነገረቻቸው፤ እሳቸውም ተከተሏት። የሌላ ሰው ስም እንደሚሸከሙ የሰሙት ከመጡ በኋላ ነው። እንቢ ሲሉ በሩ ተቆለፈ፤ መስኮቱን ታዲዎስ ቸነከረው፤ ቁልፉም ከባልና ሚስቱ በቀር በማንም እጅ አልነበረም።

ከወረዳ ሰው ሲመጣ ሽማግሌው አቶ ገብረዋህድን ሆነው ይቀመጣሉ፤ እውነቱን ያወጡ እንደሆነ መንገድ ላይ እንደምትጥላቸው ታስፈራራቸዋለች። ከወር በፊት የምትክ ኮንዶሚኒየሙን ውል በጣታቸው አስፈረመቻቸው። ኮንዶሚኒየም እንደ ቀበሌ ቤት አይደለም፤ ለዘመድ ይተላለፋል። ከዚያ ወዲህ አቶ ገብረዋህድ በሕይወት መኖር አላስፈለጋቸውም።

«ከውሉ በኋላ ልሸኘው አስቤ ነበር» አለች ወርቄ። «እውነቴን ነው። ያቺ ልጅ ግን ዓይኑን ልታስከፍት ቀን አስቆረጠች። ዓይኑ ከበራ መንገዱን ያያል፣ ፊቴን ያያል፣ ለሐኪሙ ስሜ ይኼ አይደለም ይላል። እኔም ተቆልፎብኝ ነበር እኮ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ከቤት ርቄ አላውቅም። ለቅሶው ሲመጣ...»

«ሌሊት ስትገቢ ምን አሉሽ?»

ወርቄ ጠረጴዛውን አየች። «ማነው አለ። ዝም አልኩ። ምድጃውን እግሩ ሥር ሳስቀምጥ ሙቀቱ ተሰማው፤ እኔ እሳት አምጥቼለት አላውቅም። እሷ መሰልኩት። አመሰገነኝ።»

«ስማቸው ማን ነው?»

«ያደታ።»

«የማን ልጅ?»

«አልጠየቅኩትም። ማንም የለውም።»

ታዲዎስም በዚያው ቀን ታሰረ፤ ስለ ግድያው ባያውቅ እንኳ ስለ ሚስማሩ ያውቃል።

መዝገቡ በዚህ ሊዘጋ ይችል ነበር። ጀማነሽን ግን ‹ማንም የለውም› የሚለው ቃል አላስተኛትም። ቅዳሜ ሐሴትን ይዛ፣ ፋኑኤል እየነዳ፣ ወደ ጠበሉ ሄዱ። መንገድ ላይ መሐመድአሚን የሰማውን የሽማግሌውን የመጨረሻ ምስጋና ነገረቻት፤ ከሌላ ሰው አፍ፣ ፍርድ ቤት ቆማ ከምትሰማው ይሻላል ብላ ነው። ሐሴት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ሆለታ ሲደርሱ «እኔ ባላስመዘግባቸው ኖሮ ይኖሩ ነበር» አለች።

«እዚያ ክፍል ውስጥ ይኖሩ ነበር» አለች ጀማነሽ።

ጠበልተኞችን የሚያስተናብሩት እማሆይ ለተሚካኤል የሚባሉ መነኩሲት ናቸው። የአቶ ገብረዋህድን መቃብር አሳዩዋቸው። ጀማነሽ ያደታ የሚባሉ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ያስታውሱ እንደሆነ ስትጠይቅ፣ መነኩሲቷ መቋሚያቸውን መሬት ተክለው ትክ ብለው አዩዋት።

ሽማግሌውን ለዓይናቸው ጠበል ያመጣቻቸው ልጃቸው ነበረች። መኸር ሰብስባ እስክትመለስ አደራ ብላ ለእማሆይ ትታቸው ሄደች። ስትመለስ የሉም። አንዲት የከተማ ሴት ወስዳቸዋለች ከማለት በቀር የሚነግራት አላገኘችም። ከዚያ ወዲህም ሁለቱንም ዓመት፣ መኸሩ ሲገባ፣ እየመጣች ጠበልተኛውን አንድ በአንድ ስትጠይቅ ትሰነብት ነበር። ምናልባት ቢመጡ ብላ የስልክ ቁጥሯን ትታለች፤ ቁጥሩ ከቤተ መቅደሱ በር ጎን፣ ግድግዳው ላይ በከሰል ተጽፏል።

ሐሴት ዞር ብላ አንድ የዛፍ ግንድ ሥር ተቀመጠች። ጀማነሽ ስልኳን አውጥታ ቁጥሩን መታች። ለረጅም ጊዜ ጠራ። ሊቋረጥ ሲል የሴት ድምፅ በኦሮምኛ አቤት አለ። ጀማነሽ ቃሏን ከመንገድ ጀምራ አዘጋጅታ ነበር፤ ከአዲስ አበባ ፖሊስ እንደምትደውል፣ የአቶ ያደታን ቤተሰብ እንደምትፈልግ ተናገረች።

ከወዲያ ጫፍ ላይ የሚነጋገሩ ሰዎች ድምፅ ጸጥ አለ። ሴትዮዋ በተሰባበረ አማርኛ፣ በችኮላ ጠየቀች።

«አባቴን አገኛችሁት?»